ሥልጣን ሮቢት እስኪደርስ

ሐምሌ ላይ የራያ ቆላ ገበሬ ዓይኑ ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በስተምዕራብ ከሚታየው ደጋ፣ ሌላው ከማኅበሩ መጋዘን። ከደጋው ዝናብ ይጠበቃል። ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። ከመጋዘኑ ደግሞ ማዳበሪያ ይጠበቃል። የጤፍ መዝሪያው ቀን እየጠበበ በሄደ ቁጥር ሮቢት ውስጥ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በር ላይ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። አህያ ይዘው የመጡት አህያቸውን ጥላ ሥር አስረው፣ ባጃጅ የተኮናተሩት ባለባጃጁን «ትንሽ ታገሠን» እያሉ ይቆያሉ።

እዚያ በር ላይ በአዛውንት ገበሬና በወጣት የግብርና ባለሙያ መካከል የሚደረገው ንግግር በየክረምቱ ያው ነው። ማዳበሪያው መቼ ነው የሚገባው ልጄ? ወልድያ ደርሷል ተብሏል አባባ። ከወልድያ የሚለቀውስ ማን ነው? ዩኒየኑ። ዩኒየኑስ ከማን ይጠብቃል? ኮታው የሚመጣው ከክልል ነው። ክልሉስ? ግዥው የፌዴራል ነው አባባ። «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺማ ምን ታደርጊ። ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የኢትዮጵያ የመንግሥት አወቃቀር ከላይ እስከ ታች ተነግሯል። ገበሬው ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ ቀበሌው መዝግቦ ለወረዳው ይልካል፤ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ለአዲስ አበባ። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ምንዛሪ ይፈቀዳል፤ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ይገዛል፤ ጭነቱ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያ በከባድ መኪና ተጉዞ በዩኒየን በኩል ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ይወርዳል። ቁጥሩ ደረጃውን ጠብቆ ይወጣል፣ ጆንያውም ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይወርዳል። አንዱ ደረጃ ላይ ሲጓተት የሚጎዳው መጨረሻ ላይ የቆመው ነው። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ዝግጅት ወቅት የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ያሉት በዚህ ምክንያት ነበር።

ስለ ፌዴራል ሥርዓት ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን ከላይ ወደ ታች እየተመለከተ የተጻፈ ነው። ሥርዓቱ የሚመዘነው ግን በሮቢት ዓይነት ቦታ ነው። ለአንድ ገበሬ፣ ለአንዲት ነጋዴ፣ ለአንድ ተማሪ ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጠው አካል ምን ያህል ቀርቧል? ቀርቦስ ከሆነ፣ የሚወስንበት ገንዘብና ነፃነት አለው?

ሁለት ዋና ከተማ ያለው ሰው

ሮቢት በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦና አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፣ ከእነሱ ባሻገር አፋር ነው። ማሽላና ጤፍ የሜዳው ቀለብ ናቸው፤ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ በአይሱዙ እየተጫነ ይወጣል።

የሮቢት ሰው ሁለት ዋና ከተማ አለው። አንደኛው የአማራ ክልል መቀመጫ ባሕር ዳር ነው። ወደዚያ ለመሄድ ወልድያ ደርሶ፣ ከዚያ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ደጋውን ያቋርጣል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው፤ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን ታልፎ፣ ከተማው ከመገባቱ በፊት የኦሮሚያ ክልል ይቀበለዋል። አዲስ አበባ ዙሪያዋን በኦሮሚያ የተከበበች ስለሆነች ከየትኛውም አቅጣጫ በየብስ የሚመጣ ሰው ኦሮሚያን ሳይረግጥ አይገባባትም።

የትኛው ጉዳይ ወደየትኛው ከተማ እንደሚሄድ የሚወስነው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፤ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ ክልሎችን የሚያገናኙ መንገዶች፣ ቴሌኮሙኒኬሽን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል።

ይህ ክፍፍል በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይታያል። ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጅ የምትፈተነው የክልሉን ፈተና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው ወንድሟ ግን የሚፈተነው አገር አቀፍ ፈተና ነው፤ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህም ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጓል። አባትየው ለመሬቱ የያዘው የይዞታ ደብተር በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የተሰጠ ነው፤ ያ ሕግ ግን ፌዴራሉ ካወጣው ማዕቀፍ መውጣት አይችልም። እናትየው በገበያ ቀን የምትነግድበትን ግብር የሚሰበስበው ወረዳው ነው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ያሰበችው ታላቅ እህት ፓስፖርት ለማውጣት የምትቆመው በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በር ነው፤ ለዚህም ደሴ ያለው ቅርንጫፍ መንገዱን አሳጥሮላታል።

አንድ ጉድጓድ፣ አራት መንግሥት

ከዚህም ጠጋ ብሎ ለማየት የሚሻ ሰው ከሜዳው ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አንዱ ዘንድ ይሂድ። የራያ ቆላ ዝናቡ አጭር ቢሆንም ከሥሩ ብዙ ውኃ አለው። ጎሊናንና ሆርማትን የመሳሰሉ ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ደለሉ ውስጥ ይሰርጋሉ። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ይህን ውኃ በጥልቅ ጉድጓድ እያወጣ ወደ ማሳ ለማድረስ የተቋቋመ የክልሉ መንግሥት ሥራ ነው። ከጉድጓዱ አጠገብ የፓምፕ ቤት አለ፤ ከፓምፑ የተነሣው ቧንቧ በየማሳው ዳር ወዳሉት መክፈቻዎች ይሄዳል፤ ገበሬው በተራው ከፍቶ ሽንኩርቱን ያጠጣል።

ጉድጓዱን የቆፈረው ክልሉ ነው። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው መብራት የሚመጣው ግን ከፌዴራሉ የኤሌክትሪክ ተቋም ነው። መሬቱን የሚያስተዳድረው፣ የድንበር ጠብ ሲነሣም የሚዳኘው ቀበሌና ወረዳው ነው። ተራ የሚያወጣውና ለመብራት ክፍያ መዋጮ የሚሰበስበው የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ነው፤ እሱም በራሱ መጠን አንድ መንግሥት ነው። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ማኅበሩ ለወረዳው ይጽፋል፣ ወረዳው ለመብራት ኃይሉ ቅርንጫፍ ያሳውቃል፣ ቅርንጫፉም ዕቃውን ከላይ ይጠይቃል። ሽንኩርት ግን ሥሩ ካልራሰ ሳምንትም አይታገሥም። በሰሜኑ ጦርነት ፓምፖችና የመብራት ዕቃዎች ጉዳት ሲደርስባቸው ገበሬው ያየው ይህንኑ ነው፤ የአራቱ እጅ ካልተገናኘ ውኃው ከሥር እያለ ማሳው ይደርቃል።

ይህን የምጽፈው አራት አካላት መኖራቸው ጥፋት ነው ለማለት አይደለም። ትልቅ አገር ያለ ሥራ ክፍፍል አይኖርም፤ የመብራት መስመርን ቀበሌ አይዘረጋም፣ የቦይ ተራንም አዲስ አበባ ልታወጣ አትችልም። ችግሩ ለገበሬው የቀረበው አካል በእጁ ያለው ሥልጣንና ገንዘብ ትንሹ መሆኑ ነው።

ርቀት ሰው የገደለበት ጊዜ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውኃው አካባቢ ሲሰፍሩ ስትቆረቆር የሸዋ ንጉሥ መቀመጫ ነበረች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ ከተማዋም የአገር ዋና ከተማ ሆነች። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ንግዱም፣ ጉምሩኩም፣ ዜናውም ወደ እሷ ዞረ። በዘመነ ኃይለ ሥላሴ ወሎ አንድ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ራያና ቆቦም ከአውራጃዎቹ አንዱ። የሚያስተዳድራቸው ሰው የሚሾመው ከአዲስ አበባ ነበር፤ ተጠሪነቱም ለሾመው እንጂ ለሚያስተዳድረው ሕዝብ አልነበረም።

የዚህ አሠራር ዋጋ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታየ። ረሃቡ ሲገባ መንግሥት ዜናውን ሸፈነው። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናጅቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱም ንጉሡ ወረዱ።

ያንን ፊልም ያሳየው መንግሥት ደግሞ አሥር ዓመት ቆይቶ ያንኑ ጥፋት ደገመው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር፣ ከራያ ሜዳ በላይ ኮረም ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ የሚሰማው አላገኘም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሚካኤል በርክና መሐመድ አሚን ያነሡት ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በራያ ዛሬም ያንን ዓመት የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች አሉ። ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ይቅረብ ማለት ለእነሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለፌዴራሉ ሥርዓት ሚዛናዊ መሆን የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ መጥቶ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ ፈላጊ ሲሆን፣ ራያ ቆቦን ጨምሮ የሰሜን ወሎ ቆላ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ግን እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ እስከ ቀበሌ የወረዱት የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ በየወረዳው የሚጠናቀረው የማስጠንቀቂያ መረጃና የመንገዱ መሻሻል ተደጋግፈው ሕይወት አትርፈዋል። መንግሥት ወደ ታች በቀረበ መጠን ሰው እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ራያና የክልል ወሰን

ያው ሥርዓት ግን ለራያ ሌላ መከራም አመጣ። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያዋቅር የቀድሞው ራያና ቆቦ ለሁለት ተከፈለ፤ ቆቦ ወደ አማራ፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ። ከሮቢት ተነሥቶ በቆቦና በዋጃ አላማጣ ለመድረስ ረጅም መንገድ አይጠይቅም፤ ሕዝቡም በጋብቻ፣ በገበያና በለቅሶ የተሳሰረ ነው። አማርኛው ከትግርኛው፣ ኦሮምኛው ከአገውኛው ተቀላቅሎ የኖረበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚደግስበት አገር ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ በአንድ ወሰን ሲከፈል ማንነቱ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተነሣም።

ሕገ መንግሥቱ መፍትሔ አስቀምጧል። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በሕዝቡ ፈቃድ ነው ይላል። አንቀጽ 48 ደግሞ የወሰን ክርክር በሚመለከታቸው ክልሎች ስምምነት እንዲያልቅ፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲወስን ያዛል። የራያ ጥያቄ ግን በዚህ መንገድ ተዳኝቶ ሳያበቃ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበት።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ውስጥ ያልታጠቁ ሰዎች መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች አረጋግጠዋል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያገረሽ የተጀመረውም በዚሁ በቆቦ ግንባር ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታ አለ። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተመለስነው ወደዚያው ወደተጻፈው አንቀጽ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲያስታውቅ ተቃውሞ ከተነሣባቸው ከተሞች አንዷ ቆቦ ነበረች። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች ፖሊስ እንዲያደራጁ ይፈቅዳል፤ ልዩ ኃይል የሚባል ጦር ግን በውስጡ የለም። ሁሉም ክልሎች አቋቁመውት ስለነበር ማን አስቀድሞ ትጥቁን ይፈታል የሚለው ጥያቄ መተማመን በሌለበት ተነሣ፤ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግጭት ትምህርት ቤቱንም፣ መንገዱንም፣ የማዳበሪያ መኪናውንም እያስቆመ የመከራውን ዘመን አራዝሞታል።

ዋና ከተማዋም ጥያቄዋ አልተመለሰም

የሮቢት ሰው የራያን ጉዳይ ለብቻው የወደቀበት ዕዳ አድርጎ ሊያይ ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከእሱ የራቀ ጣጣ የላትም። የፌዴራል አገሮች ዋና ከተማቸውን የሚያስተዳድሩት በተለያየ መንገድ ነው። ናይጄሪያ አቡጃን፣ አሜሪካ ዋሽንግተንን፣ አውስትራሊያ ካንቤራን ከየትኛውም ክልል ለይተው የፌዴራል ግዛት አድርገዋል። በርሊንና ቪየና ራሳቸው ክልል ናቸው። የካናዳዋ ኦታዋ ደግሞ በኦንታሪዮ ውስጥ ያለች ከተማ ናት።

የእኛ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይገጥምም። አንቀጽ 49 አዲስ አበባ የፌዴራሉ ዋና ከተማ ናት፣ ነዋሪዋ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው፣ አስተዳደሯ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው፣ ኦሮሚያም በከተማዋ ላይ ልዩ ጥቅም አላት ይላል። ከዚህም ሌላ ከተማዋ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ናት፤ መቀመጫው ወደ አዳማ ተዛውሮ በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል። የልዩ ጥቅሙ ዝርዝር በሕግ እንደሚወሰን ቢጻፍም፣ በ2009 ዓ.ም. የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ሆኖ ሳይወጣ ቀርቷል። በመሃሉ ከተማዋንና ዙሪያዋን የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን ሕይወት ያስከፈለ ተቃውሞ ቀስቅሶ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

የቡራዩ ገበሬ ስለ መሬቱ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለ ምክር ቤቱ፣ የራያ ሰው ስለ ማንነቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ስለ እኔ የሚወስነው ማን ነው፣ እኔስ ስሰማ ነው ወይ? የወሰን ዳኝነቱም የልዩ ጥቅም ሕጉም ቢዘገይ የሚጠፋ አይመስለንም ነበር፤ ይኸው ሁለቱም ሲዘገዩ ሕይወት አስከፈሉ።

የተረሳው አንቀጽ

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የተረሳው አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ስለ ክልልና ስለ ወሰን ሠላሳ ዓመት ስንከራከር ስለዚህኛው የተከራከርነው ጥቂት ነው።

ለምን ከበደ ቢባል መልሱ ገንዘቡ ዘንድ አለ። በአንቀጽ 96 መሠረት የጉምሩክና የወጪ ገቢ ንግድ ግብር በሙሉ የፌዴራሉ ነው፤ ትልልቆቹ የገቢ ምንጮችም በብዛት እዚያው ናቸው። ለክልሎች በአንቀጽ 97 የደረሳቸው የግለሰብ ነጋዴ፣ የገበሬና የክልል ሠራተኛ ግብር ነው። ስለዚህ ክልሎች የሚኖሩት በፌዴራሉ ድጎማ ነው፤ ቀመሩን የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2017 በጀት ዓመት ከ971.2 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው 222.7 ቢሊዮን ብር ነበር።

ከክልል ወደ ወረዳ በጥቅል የሚወርድ በጀት አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ለወረዳ ምክር ቤት የራሱን ገንዘብ ራሱ እንዲመድብ ዕድል ሰጠ። ዛሬ ግን የወረዳ በጀት አብዛኛው የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ ከፍሎ ያልቃል። ቦይ ለመጥረግ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ለመተካት፣ ድልድይ ለመጠገን የሚተርፈው ኢምንት ነው። በወረዳውና በክልሉ መሃል ያለው ዞን ደግሞ፣ ከብሔረሰብ ዞኖች በቀር፣ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ ክንድ ነው። ለሮቢት ሰው ከቀበሌው ቀጥሎ በምርጫ የሚጠይቀው የቀረበ አካል ወረዳው ነው፤ እሱም ባዶ እጁን ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ግልጽ ነው። የወረዳ ምክር ቤት ከደመወዝ ውጭ የሚያዝበት፣ ከአካባቢው ገቢ ላይ የሚቀርለት፣ ለመስኖና ለመንገድ ጥገና የተለየ ገንዘብ ይኑረው። የግብርና ግብዓት በጥር ተወስኖ በግንቦት መጋዘን ይግባ፤ የዘገየበት አካልም ይጠየቅበት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንቀጽ 48 የሰጠውን ሁለት ዓመት ያክብር፤ የራያ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅም ጠመንጃ ሳይደገንበት፣ ተፈናቃዩ ቤቱ ተመልሶ ይጠየቅ። የአዲስ አበባ ጉዳይ በዐዋጅ ተዘርዝሮ ይውጣ፤ ነዋሪውም የኦሮሚያ ገበሬም መብቱን አንብቦ ይወቅ።

ከእነዚህ አንዱም አዲስ ሕገ መንግሥት አይጠይቅም፤ አብዛኞቹ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፈው የተቀመጡ ናቸው። ስለ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል ክርክሩ ይቀጥል፤ አገር የሚያስፈልገው ክርክር ነው። እስከዚያው ግን ክርክር በማይጠይቀው እንጀምር፦ ሐምሌ ሳይገባ ማዳበሪያው ሮቢት ይድረስ፣ የወረዳው ምክር ቤትም የራሱን ቦይ በራሱ ገንዘብ ይጥረግ። ይህን ማድረግ የቻለ መንግሥት ስለ ከባዱ ጥያቄ ሲናገር ሕዝቡ ያምነዋል።